ኮይል ከመግዛታችሁ በፊት ቦታ አቀያይሩት

አዳማ ከተማ ውስጥ ስትነዱት ምንም የማይለው ቪትዝ ወይም ኮሮላ፣ የፍጥነት መንገዱን ይዞ ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ ሽቅብ ሲል መርገፍገፍ ይጀምራል። ነዳጅ ሲረገጥ ይብሳል፣ ሲለቀቅ ይተወዋል። ጋራዥ ደርሶ ሲታይ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው ዙር) ልክ ነው። ወይ "ምንም የለውም" ተብሎ ይመለሳል፣ ወይ በግምት አራት ኮይል (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ዕቃ) ይገዛለታል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ብሩ ወጥቶም ሚሱ (ሲሊንደሩ ሳያቃጥል መዝለሉ) ላይጠፋ ይችላል።

ሽቅብ ላይ የሚብስበት ምክንያት አለው። ሞተሩ ሲጫን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ይበዛል፤ በታመቀ አየር ውስጥ እሳቱ እንዲዘል ደግሞ ከፍ ያለ ቮልት ያስፈልጋል። ሚኒሞ ላይ 10 ሺህ ቮልት አካባቢ የሚበቃው ካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚረጨው)፣ ነዳጅ ሲረገጥ ከ20 ሺህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። የኮይሉ የውስጥ ሽፋን ወይም የታችኛው ጎማ ከደከመ፣ እሳቱ ካንዴላው ጫፍ ላይ መዝለሉን ትቶ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ብረት ይወርዳል። በዚያ ላይ የአዳማ ሙቀት አለ፤ ኮይሉ ሲግል የሽፋኑ ስንጥቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ጋራዥ ቆሞ የቀዘቀዘ መኪና ጤነኛ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ምርመራውን ለኋላ ትታችሁ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ እዚያ ስለሚነድ ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ያቀልጠዋል።

ባትሪ አትንቀሉ። የመኪናው ኮምፒዩተር የያዘው የብልሽት ኮድም፣ ሚሱ ሲከሰት የተመዘገበው የሞተር ዙር፣ ሙቀትና ጭነትም አብረው ይጠፋሉ፤ መጥቶ ለሚሄድ ችግር ደግሞ ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም። በስካነር አንብቡት። ፒ0301 ማለት አንደኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል ማለት ነው፣ ፒ0304 አራተኛው። ፒ0351 እስከ ፒ0354 ከሆነ የኮይሉ የኤሌክትሪክ መስመር ስለሆነ ሶኬቱንና ሽቦውን አስቀድሙ። ፒ0300 ከፒ0171 ጋር ከመጣ ግን ኮይሉን ተዉት። ሞተሩ ነዳጅ አንሶታል፤ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ፣ የአየር መለኪያ ሴንሰር ወይም የነዳጅ ፓምፕ ፈልጉ።

አሁን ወደ ማቀያየሩ። ኮዱ ፒ0301 ነው እንበል። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉም ይዘጋ። አንዳንድ ቪትዝና ኮሮላ ላይ ባለው 1ኤንዜድ ሞተር፣ አንደኛው ሲሊንደር ቺንጋው ባለበት በኩል ያለው ነው፤ ከመኪናው ፊት ስትቆሙ በግራችሁ ይሆናል። ኮይሎቹ ላይ በማርከር ቁጥር ጻፉ። ሶኬቱን ስታወጡ መቆለፊያውን ተጫኑት እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ፤ በሙቀት የደረቀው ፕላስቲክ ከተሰበረ ሶኬቱ እየላላ ራሱ ሌላ ሚስ ያመጣል። የ10 ቦሎኑን ፈታችሁ ኮይሉን ግራ ቀኝ እያዞራችሁ ወደ ላይ ሳቡት። የ1ኛውን 3ኛው ላይ፣ የ3ኛውን 1ኛው ላይ ግጠሙ። ካንዴላውን አትንኩ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከተቀየረ ምርመራው ዋጋ የለውም። ኮዱን አጥፍታችሁ ያንኑ ሽቅብ ድጋሚ ንዱት። ፒ0303 ከመጣ ኮይሉ ነው። ተመልሶ ፒ0301 ከመጣ ኮይሉ ንጹህ ነው፤ በሚቀጥለው የ1ኛውን ካንዴላ ከ4ኛው ጋር አቀያይሩ። እሱም ካልሆነ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው)፣ ከዚያ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ እመቃ)። ኮምፕሬሽን ሲለካ የአዳማ አየር ስስ ስለሆነ ንባቡ ከመጽሐፉ ያንሳል፤ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ። እዚህ ሞተር ላይ ከ1 ባር በላይ ልዩነት ደህና አይደለም።

ካንዴላ ከመፍታታችሁ በፊት ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር ንፉ፤ አቧራው ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባ። ከወጣ በኋላ ነጩን ሸክላ ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት። በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች ከወረደ፣ እሳቱ በውጭ በኩል ሲያመልጥ ቆይቷል። ያን ጊዜ ካንዴላውም የኮይሉ ጎማም አብረው ይቀየሩ፤ አንዱ ብቻ ከተቀየረ መስመሩ ይመለሳል። ከብረቱ በላይ ዙሪያውን ያለው ቡናማ ቀለበት ግን በሽታ አይደለም፤ በሱ ምክንያት የሚጣለው ደህና ካንዴላ ብዙ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካለ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ያፈሳል፤ ዘይቱ ጎማውን ስለሚያበላሸው ጓርኒሲዮኑ ሳይቀየር አዲስ ኮይል መግጠም ብር መጣል ነው። ሚሱ የጀመረው ላቫጆ ሞተሩን በውሃ ካጠበው በኋላ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጉድጓዶቹን አድርቁ።

ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ብዙ አይረዳም። ባለ ሁለት እግር ኮይል ላይ አንደኛው ጥቅል እንደየሥሪቱ ከ0.4 እስከ 2 ኦም፣ ሁለተኛው ከ6 እስከ 15 ኪሎ ኦም አካባቢ ሊያነብ ይችላል። ግን ቴስተር የሚለካው በትንሽ ባትሪ ስለሆነ፣ በ20 ሺህ ቮልት የሚያፈሰው ሽፋን አይታየውም። ባለ አራት እግሩ የቶዮታ ኮይል ደግሞ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስላለው በኦም አይፈረድበትም። እሱ ላይ የሚለካው ሶኬቱ ነው፦ ቁልፉ ሲከፈት አንዱ ሽቦ የባትሪ ቮልት፣ ሌላው ደህና መሬት ሊኖረው ይገባል። የቀሩት ሁለቱ የኮምፒዩተሩ ትእዛዝና ከኮይሉ የሚመለሰው "ተኩሻለሁ" የሚለው ምልክት ናቸው።

ሞተሩ እየሠራ ኮይል ነቅሎ የትኛው እንደሞተ መፈተሽ ከድሮ የቀረ ልማድ ነው። መውጫ ያጣው ቮልት ኮይሉን ያቃጥላል፣ እጅንም ይመታል። ሚሱ ባለበት ሰዓት የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ አውጡ፤ ሲወጣ ድምፁ የማይለወጠው ሲሊንደር የሞተው ነው።

ካንዴላው ያረጀ ከሆነ ከአዲሱ ኮይል ጋር ይቀየር፤ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ኮይሉ ይደክማል። እዚህ ሞተር ላይ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የኢሪዲየም ጫፍ ግን ለማስተካከል አይነካም። ሞተሩ ቀዝቅዞ በእጅ እስኪነካ አስገቡና በ18 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። መለኪያ ያለው ቁልፍ ከሌለ አዲስ ካንዴላ ከነካ በኋላ ግማሽ ዙር ይበቃዋል።

አሮጌውን ኮይል ወዲያው አትጣሉት። ርካሽ ኮፒ ኮይል ቀዝቃዛ ሆኖ ደህና ሠርቶ ሲግል ሊከዳ ስለሚችል፣ አዲሱ ሞቃት ቀን ላይ ያንን ሽቅብ ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪወጣ አሮጌው መኪናው ውስጥ ይቆይ።