ከጋዝ ወደ ባትሪ፦ የግቢ ሥራ ማስታወሻዬ

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ግቢዬ ቤቱን ጨምሮ ሩብ ኤከር ገደማ ነው፤ ከኋላ ሁለት ትልልቅ የኦክ ዛፎች አሉ። በእኛ ሞንጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በጋዝ (በቤንዚን ማለቴ ነው) በሚሠራ ብሎወር ቅጠል መንፋት ተከልክሏል። ሽያጩ ከአንድ ዓመት በፊት ነበር የቆመው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ከልክሏል። ሕጉ የሣር ማጨጃን አይነካም። እኔ ግን ሁለቱንም ወደ ባትሪ ቀየርኩ። አዲስ ቤት ገብታችሁ ግቢ መንከባከብ ለጀመራችሁ ይጠቅም ይሆናል ብዬ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ጋዙ። ማጨጃው ከተነሳ ጎበዝ ነበር። ችግሩ መነሳቱ ነው። ኖቬምበር ላይ ያቆምኩትን ኤፕሪል ላይ ገመዱን ብስበው፣ ብስበው እምቢ አለ። ካንዴላ ቀየርኩ፤ አልሆነም። ካርቡራተሩን፣ ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ ስፈታው ትንሿ የነዳጅ ቀዳዳ ሙጫ በሚመስል ነገር ተደፍናለች። እዚህ የምንቀዳው ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10 በመቶ ኤታኖል (አልኮል) አለበት። ኤታኖል እርጥበት ይስባል። ነዳጁ ለወራት ሲቆም ይበላሽና ዝቃጩ እዚያው ይደርቃል። የጋዝ ማጨጃ ያላችሁ ሰዎች፣ ብርዱ ሳይገባ ታንኩን አድርቁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ራሱ እስኪጠፋ ተዉት።

ብሎወሩ ደግሞ ዘይትና ጋዝ ተቀላቅሎ የሚሞላበት ዓይነት ነበር፣ 50 እጅ ጋዝ ለ1 እጅ ዘይት። እንዲህ ያለ ሞተር ከሚገባው ነዳጅ የተወሰነውን ሳያቃጥል በጭስ ማውጫው ያስወጣዋል። ሠርቼ ስገባ ልብሴ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ልጄ ልታቅፈኝ ሮጣ ትመጣና «አባዬ፣ መጀመሪያ ታጠብ» ትለኝ ነበር። ለመቀየር የወሰንኩት ከሕጉ ይልቅ በእሷ ነው ብል ይሻላል።

ባትሪ ስገዛ ያየሁት ቮልቱን ብቻ ነበር። ስህተት ነው። ቮልቱን በአምፒር-ሰዓቱ አባዙት፤ ዋት-ሰዓት ይሰጣችኋል። ባለ 56 ቮልት ሆኖ 2.5 አምፒር-ሰዓት ከሆነ 140 ዋት-ሰዓት ነው፤ 5 ከሆነ 280። ስንቁ ይሄ ነው። ከብሎወሩ ጋር የመጣልኝ ትንሹ ነበር፤ በሙሉ ኃይል 9 ደቂቃ ሠርቶ ቆመ። ከጓሮው ሲሶውን እንኳ አልጨረስኩም። ትልቁን ጨምሬ ገዛሁ። ማጨጃውም ያንኑ ባትሪ ይወስዳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን መሣሪያ ስትመርጡ የሁሉንም ባትሪ እየመረጣችሁ መሆኑን አትርሱ።

ትልቁ ትምህርት የመጣው በቅጠል ወቅት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ እወጣና ቱርቦውን (የሙሉ ኃይል ቁልፉን) ተጭኜ እነፋለሁ። ባትሪው በ18 ደቂቃ ያልቃል፤ ቅጠሉ መሬት ላይ እንደተለጠፈ ነው። አየር በፈጠነ ቁጥር የሚበላው ኃይል በጣም ያሻቅባል፤ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ገደማ ኃይል ይፈልጋል። ይህ ከገባኝ ወዲህ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይ ካገኘው በኋላ እወጣለሁ። በመካከለኛ ኃይል ያው ባትሪ 45 ደቂቃ ቆየልኝ፤ ሥራውም አለቀ።

ከዚያ ደግሞ ሣሩ ላይ የወደቀውን መንፋት ጭራሽ ተውኩ። ማጨጃውን ከፍ አድርጌ፣ ከረጢቱን አውልቄ፣ ደረቁን ቅጠል በላዩ እሄድበታለሁ። ይከትፈዋል። የተከተፈው በሣሩ መካከል ይገባና አፈሩን ይመግባል። ውፍረት ካለው ሁለቴ መመላለስ ያስፈልጋል፤ ሣሩ ካልታየ በዝቷልና ትርፉን አንሱት። አሁን ብሎወሩን የምጠቀመው ለመኪና መግቢያውና ለደረጃው ብቻ ነው። ልጅ ሆነን ኅዳር 12 ቅጠሉንም ቆሻሻውንም ሰብስበን ስናጥን ጭሱ ሰፈሩን ይሞላው ነበር። እዚህ በዚያው ሰሞን ቅጠሉን ለሣሩ አበላዋለሁ።

ብርዱን ተጠንቀቁ። ሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። እኔ ሙሉ በሙሉም ሳልሞላ፣ ባዶም ሳላደርግ፣ ግማሽ ገደማ ላይ ቤዝመንት አስቀምጠዋለሁ። በሙቀት ከሠራችሁበት በኋላም ቻርጀሩ ላይ ከመክተት በፊት ይብረድ።

ድምፁስ? ጎረቤታችን ሆስፒታል ሌሊት ነው የሚሠሩት፤ ቀን ይተኛሉ። ማጨጃውን በቀየርኩ በሁለተኛው ወር መንገድ ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ዘንድሮ ሣር ማጨድ ተውክ እንዴ?» አሉኝ። በጣም ደስ አለኝ። ለካ ለዓመታት እንቅልፍ ስነሳቸው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልተናገሩኝም።

ይህ ሁሉ ግን ለአንድ ቤት ነው። ሣር ማጨድ እንጀራው የሆነ ጓደኛ አለኝ፤ በቀን እስከ 12 ቤት ይደርሳል። ለእሱ ጋዝ ማለት ከጄሪካን ቀድቶ በደቂቃ መቀጠል ነው። በባትሪ ያን ለመሥራት ብዙ ትልልቅ ባትሪና መኪናው ላይ የሚሞላበት ዘዴ ያስፈልገዋል፤ ዋጋው ከባድ ነው። «ባትሪ ይሻላል» ብዬ ልጫነው አልፈልግም። ብሎወሩን በሕጉ ምክንያት ቀይሯል። ማጨጃውን ገና አልነካውም። በሚቀጥለው ወር የእኔን ሁለት ባትሪዎች ወስዶ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞክራቸው ተስማምተናል፤ ስንት ቤት እንዳደረሱት እየመዘገበ ያመጣልኛል።