የሌለው ጠረጴዛ

በቪአር ጨዋታ፣ ማለትም ዓይንን የሚሸፍን መነጽር ተደርጎ በምናባዊ ዓለም ውስጥ በሚደረግ ጨዋታ፣ ሰው የሚጎዳው ከግድግዳ ሲጋጭ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በአንድ ማጫወቻ ቤት የደረሰው ግን ክፍሉ መሃል ነው። አንዲት ወጣት ሃያ ደቂቃ ያህል ፑል ስትጫወት ቆይታ፣ ተራዋን ስትጨርስ ግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ተደገፈች። ጠረጴዛ የለም። በጉልበቷ ወደቀች፤ የእጅ አንጓዋም አበጠ።

አጫዋቹ መጀመሪያ ያየው ድንበሩን፣ ማለትም በመነጽሩ ውስጥ የሚሰመረውን የመጫወቻ ቦታ ወሰን ነበር። 2 በ2 ሜትር፣ በደንብ ተሰምሯል። ድንበር ግን የሚያስጠነቅቀው ወደ ጠርዝ የተጠጋን ሰው ነው፤ መሃል ቆሞ የሌለ ነገር ለሚደገፍ ዝም ይላል። ጥፋቱ የተገኘው የወለሉ ከፍታ ላይ ነው። ጠዋት ሲስተካከል ኮንትሮለሩ (በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ) መሬት ሳይነካ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እያለ ተመዝግቧል። ስለዚህ በጨዋታው ውስጥ ያለው ሁሉ በዚያው ልክ ከፍ አለ፤ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረው ጠረጴዛ 90 ሆነ። ክንድ ዘርግቶ ለመደገፍ ከዚህ የሚመች ከፍታ የለም።

ዴቪድ ክሮነንበርግ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኤግዚስቴንዝ» ፊልም የጨዋታው ገመድ የሚሰካው ተጫዋቹ አከርካሪ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ነው። እዚህ አንድ መነጽር በቃ። ልጅቷ ጠረጴዛ እንደሌለ አሳምራ ታውቃለች፤ ክንዷ ግን ዓይኗን አምኖ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ኮንትሮለሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው ወለል የሚመዘገበው፤ ደንበኛ በተቀየረ ቁጥርም ይታያል። በመነጽሩ ሁለት ሌንሶች መካከል ያለው ርቀትም አይዘለልም፤ ክዌስት 2 በተባለው የቪአር መነጽር ላይ 58፣ 63 ወይም 68 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከተጫዋቹ ዓይኖች ርቀት ጋር ካልገጠመ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ዓይንም ይደክማል። ትልቁ ለውጥ ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ነው፦ ተጫዋቹ እጁን ጠረጴዛው ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲያሳልፍ ይደረጋል። አጫዋቹ በክንድ ርቀት ጎኑ ይቆማል፤ ሊደግፈው ከፈለገ አስቀድሞ በድምፅ ይናገራል፣ ምክንያቱም መነጽር ያደረገ ሰው ድንገት ሲነካ ደንግጦ ይወራጫል።

ወጣቷ ያን ዕለት በረዶ ተይዞላት ትንሽ ካረፈች በኋላ ወደ ባንኮኒው መጣች። መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ ነካችው፣ ገፋ አደረገችው፣ ከዚያ ተደገፈች።