አሻንጉሊት ውስጥ የተደበቀው ወረቀት

ማክሰኞ፣ ማታ።

ዛሬ ቢሮ አንዲት ሴት ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች። አንደኛው የልደት ምስክር ወረቀቷ ነው። ሁለተኛው ከዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደችበት ፓስፖርት ቅጂ ነው። ፎቶግራፉ የእርሷ ነው፤ ስሙና የልደት ዘመኑ ግን የሌላ ሰው። ደላላው ያኔ ዕድሜዋ ላይ ስድስት ዓመት ጨምሮ፣ ስሟንም ለአሠሪዎቹ አፍ እንዲቀል አድርጎ እንዳወጣላት ነገረችኝ። «የትኛውን ልተርጉምልሽ?» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና «በዚያኛው ስም ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ እኮ፣ እትዬ» አለችኝ። ነገ ወስና እንድትመጣ ነግሬ ሸኘኋት።

ቤት ገብቼ ቡናዬን አፍልቼ ስቀመጥ ወደ ሐሳቤ የመጣችው ጃፓናዊቷ ተዋናይና ዘፋኝ ዮሺኮ ያማጉቺ ናት። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የድሮ ፊልሞቿን እያሳደድኩ በሌሊት አያለሁ። ሥራዬ የሰው ስም ከአንድ ፊደል ወደ ሌላ ፊደል ማሻገር ስለሆነ ይሆናል የእርሷ ነገር የያዘኝ። በቻይና ሊ ሺያንግላን፣ በጃፓን ይኸው ስም በጃፓንኛ ሲነበብ ሪ ኮራን፣ ቤጂንግ ትምህርት ቤት ፓን ሹሁዋ፣ ሆሊውድ ሸርሊ ያማጉቺ፣ ፓርላማ ስትገባ ደግሞ በባሏ ስም ዮሺኮ ኦታካ። እንዲህ ያለች ደንበኛ ብትመጣብኝ የቀኑ ሥራዬ እርሷው ብቻ በሆነች ነበር።

(ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ለመቀየሩ ዛሬ ጉልበት የለኝም።)

በ1920 ስትወለድ ወላጆቿ ጃፓናውያን፣ የተወለደችበት ምድር ግን ማንቹሪያ፣ የቻይና ሰሜን ምሥራቅ ነው። ያደገችው ፉሹን በተባለች የድንጋይ ከሰል ከተማ ነበር። አባቷ ፉሚዮ ያማጉቺ ለደቡብ ማንቹሪያ የባቡር ኩባንያ ሠራተኞች ቻይንኛ ያስተምር ነበርና ለልጁም ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስተማራት። በ1932 የጃፓን ጦር በፉሹን አጠገብ የፒንግዲንግሻንን መንደር ሰዎች ፈጀ። ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቻይናዊ ከዛፍ ጋር ታስሮ የአገሯ ወታደሮች ሲደበድቡት በመስኮት ማየቷን በስተርጅና ጽፋለች። ያን ያየች ልጅ ከስድስት ዓመት ያህል በኋላ የጃፓን ፕሮፓጋንዳ ፊልም ተዋናይ ሆነች። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ነው።

ስሙ የመጣው በክፋት አልነበረም። ሊ ጂቹን የተባለ የአባቷ ወዳጅ፣ ቻይናዊ ጄኔራል፣ እኛ የጡት ልጅ እንደምንለው ዓይነት አድርጎ ልጁ አደረጋትና የራሱን የቤተሰብ ስም ሰጣት። ሺያንግላን ማለት መዓዛው የሚያውድ ኦርኪድ እንደማለት ነው። ድምጿን ያገኘችውም በበሽታ ሰበብ ነው። ሳንባዋን ታማ ነበርና መዝሙር ብትማር ደረቷ ይጠነክራል ተባለ፤ ሊዩባ የምትባል ሩሲያዊት አይሁድ ጓደኛዋ ከአንዲት የኦፔራ ዘፋኝ ጋር አገናኘቻት። ከዚያ የማንቹሪያዋ ከተማ የሙክደን ሬዲዮ ጣቢያ ቻይንኛም ጃፓንኛም የምታውቅ፣ ኖታ የምታነብ ቻይናዊት ልጅ ፈለገ። እንዲህ ያለች ቻይናዊት ስለጠፋች ያማጉቺ ዮሺኮ ሊ ሺያንግላን ተብላ ዘፈነች። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በሬዲዮ ነው። በሬዲዮ ፊት አይታይም።

ከዚያ በኋላ ለትምህርት ወደ ቤጂንግ ተላከች፤ በዚያም ሌላ የአባቷ ወዳጅ ቤት አረፈች፣ ሦስተኛ ስም ተሰጣት። አብረዋት የሚማሩት ልጃገረዶች ጃፓናዊት መሆኗን አያውቁም። አንድ ቀን ተማሪዎች ተሰብስበው የጃፓን ጦር ቤጂንግን ቢወር ምን እንደሚያደርጉ በየተራ ተጠየቁ። አንዱ እዋጋለሁ ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል። ተራው እርሷ ጋ ሲደርስ ከከተማዪቱ ግንብ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ አለች። ከውጭ የጃፓን ጥይት፣ ከውስጥ የቻይና ጥይት፤ ከሁለት አንዱ ቀድሞ ያገኘኛል ብላ አስባ ነበር። ጓደኞቿ እንደ ጀግና መልስ ሳይቆጥሩላት አልቀሩም።

እኔ ግን ይኸን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ግንቡ ላይ የቆመችው ልጅ አይደለችም። የሚታየኝ ግንቡ ላይ አለመውጣቷ ነው። በ1938 ጃፓኖች ሺንጂንግ ከተማ ባቋቋሙት የማንቹሪያ ፊልም ድርጅት ገባች። ለዘፈን ብቻ የተጠራች መስሏት ነበር፤ ካሜራ ፊት አቆሟት። ድርጅቱ ቻይናዊት ኮከብ ነው የፈለገው። ጃፓንን የምትወድ፣ ጃፓንኛ የምታቀላጥፍ ቻይናዊት። እውነተኛዋን ቢያጧት ሠሯት።

በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የወላጆቿን አገር አየች። መርከቧ ሺሞኖሴኪ ስትደርስ ፓስፖርት የሚመረምረው መኮንን ወረቀቷን ያያል፤ ጃፓናዊት ይላል። ቀና ብሎ ያያታል፤ የቻይና ቀሚስ ለብሳለች። ጃፓናዊ አንደኛ ዜጋ ነው፣ የቻይና ልብስ ለብሰሽ፣ ቻይንኛ እያወራሽ አታፍሪም ወይ ብሎ ጮኸባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማለት የኖረችው አገር የተቀበላት እንዲህ ነው። እኔ እዚህ ቦታ ላይ አዘንኩላት። ግን ወደ ኋላ አልተመለሰችም፤ ይኸንንም መጻፍ አለብኝ።

በ1940 የወጣው «የቻይና ምሽቶች» ላይ ያለውን የጥፊ ትዕይንት ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። የምትጫወተው ጦርነቱ ወላጆቿን የነጠቃትን ቻይናዊት ልጅ ነው። ጃፓናውያንን ትጠላለች። አንድ ጃፓናዊ መርከበኛ (ተዋናዩ ሃሴጋዋ ካዙኦ ነው) ከጎዳና አንስቶ ያስጠጋታል፤ እርሷ እንቢ ትላለች፣ ታስቸግራለች። በመጨረሻ ትዕግሥቱ ያልቅና በጥፊ ይመታታል። ልጅቱ ትንሽ ደንግጣ ትቆያለች። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ይረግብና ዓይኗ እንባ ይሞላል፤ ይቅርታ ትለምነዋለች፤ ከዚያ ትወደዋለች። ጃፓን ውስጥ ተመልካቹ ተንሰቀሰቀ። በዚያን ዘመን የወንድ ጥፊ የፍቅር ምልክት ተደርጎ ይታይ እንደነበር እርሷ ራሷ አስረድታለች። ቻይናውያን ግን ሁለት ጊዜ ተዋረዱ፤ በመመታቷም፣ የመታትን በመውደዷም። ደግሞስ ትወናዋ ጥሩ ነው፤ ክፋቱም እርሱ ነው። መጥፎ ተዋናይ ብትሆን ኖሮ ማን ያምናት ነበር?

የካቲት 11 ቀን 1941 ቶኪዮ ኒቺጌኪ ትያትር ቤት ስትዘፍን የሕዝቡ ሰልፍ ሕንፃውን ሰባት ዙር ተኩል ዞረው ይባላል። ፖሊስ በውኃ ነው የበተነው። ያ ሁሉ ሰው ቻይናዊት ሊያይ ነበር የተሰለፈው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ኦፒየም ጦርነት በተሠራ ፊልም ላይ ዘፍና ቻይናውያን ራሳቸው ወደዷት። ቤጂንግ ላይ ጋዜጠኞች ሰበሰበች፤ ጃፓናዊት መሆኔን እናገራለሁ ብላ ወስና ነበር፤ አትናገሪ አሏት። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ቻይናዊት ሆነሽ እንደ «የቻይና ምሽቶች» ያለ ፊልም ላይ ለምን ተጫወትሽ፣ ክብርሽን የት ጣልሽው ብሎ ጠየቃት። ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅሁም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አለች። ጭብጨባ ሆነ። ይቅርታው እውነተኛ ነበር፤ ይቅርታ የጠየቀችው ቻይናዊት ግን አልነበረችም። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው ዓምድ ይሞላል?

ጦርነቱ በነሐሴ 1945 ሲያልቅ ሻንጋይ ነበረች። የማንቹሪያው ፊልም ድርጅት አለቃ አማካሱ ማሳሂኮ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። እርሷን ቻይናውያን ያዟት። ክሱ ከሃዲነት ነው፤ ለጠላት ያደረ ቻይናዊ የሚከሰስበት፣ ቅጣቱም ሞት የሆነ። ጃፓናዊት ነኝ ብትል ማን ይስማት? ቻይንኛዋ እንከን የለውም፣ አገር ያወቃት በቻይና ስሟ ነው። የዓመታት ሥራዋ ምስክር ሆኖ ቆመባት። በጋዜጣ ልትረሸን ነው ተብሎ ተወራ።

እዚህ ላይ ሊዩባ ተመልሳ ትመጣለች፤ ያቺ የልጅነት ጓደኛ፣ አሁን ሻንጋይ በሚገኘው የሶቪየት ቆንስላ የምትሠራ። ጃፓኖች ኮሴኪ የሚሉት የቤተሰብ መዝገብ አለ፤ ማን ከማን ተወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ቅጂው ቤጂንግ ወላጆቿ እጅ ነበር። ሊዩባ አስመጣችላት። የመጣው በደብዳቤ አይደለም፤ የዮሺኮ የልጅነት የጃፓን አሻንጉሊት ውስጥ ተደብቆ ነው። ያችን ሰዓት ደጋግሜ አስባታለሁ። የሃያ አምስት ዓመት ሴት፣ በር ላይ ዘብ ቆሞ፣ የሕፃንነት አሻንጉሊቷን ስትበረብር፤ ጣቷ ከጨርቁ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ሲነካ። ወረቀቱ ላይ ሊ ሺያንግላን የሚባል ሰው የለም። ያማጉቺ ዮሺኮ ናት ያለችው።

ቻይናዊት ካልሆነች ቻይናን ልትከዳ አትችልም። በ1946 መጀመሪያ ላይ ዳኛው ነፃ ለቀቃት፤ ሕጉ ባይዝሽም በቻይና ስም እነዚያን ፊልሞች መሥራትሽ ከነውር አያነጻሽም ዓይነት ተግሣጽ ጨምሮ። ጎንበስ ብላ ተቀበለች። እኔም በሥራዬ የምተረጉመው ወረቀቱ የሚለውን እንጂ ሰውየው የሚለውን አይደለም፤ ዳኛው ግን ሁለቱንም ለያይቶ አነበበ።

ሌላዋን ዮሺኮ ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ካዋሺማ ዮሺኮ የማንቹ ልዕልት ሆና ተወልዳ፣ በሕፃንነቷ ለጃፓናዊ በማደጎ ተሰጥታ ጃፓን ያደገች፣ ለጃፓን ጦር የሠለለች ሴት ናት። ሁለቱ ቲያንጂን ላይ ይተዋወቁ ነበር። እርሷም ተያዘች፣ እርሷም ጃፓናዊት ነኝ አለች። አሳዳጊዋ ግን ስሟን በቤተሰቡ መዝገብ አላስገባውም ነበር። መጋቢት 25 ቀን 1948 ቤጂንግ ላይ ተረሸነች። የሠራችው ከያማጉቺ የከፋ ነው፣ እሱን አልክድም። ሆኖም አንዷን ያተረፈና አንዷን ያጠፋ የመዝገብ መስመር እንዳለ ሳውቅ፣ የምጽፋትን እያንዳንዷን ፊደል ፈራኋት።

ወደ ጃፓን የምትመልሳት መርከብ ከሻንጋይ ወደብ ስትላቀቅ፣ በሬዲዮ የራሷን ዘፈን ሰማች፤ «የሌሊት መዓዛ»ን፣ በሊ ሺያንግላን ድምፅ። ከተማው አስሮ አባረራት፣ ዘፈኗን ግን አላጠፋውም። ዛሬም ቻይንኛ በሚነገርበት ሁሉ ይዘፈናል።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው፤ ሆሊውዱ ብዙም አልያዘኝም። በ1950 በጃፓናዊው ዳይሬክተር በኩሮሳዋ ፊልም ከተዋናዩ ሚፉኔ ጋር ተጫወተች። አሜሪካ ሄዳ ሸርሊ ሆነች፤ በ1952 በኪንግ ቪዶር፣ በ1955 በሳሙኤል ፉለር ፊልሞች ላይ ነጭ ወንድ የምትወድ ጃፓናዊት ሆና ታየች። ብሮድዌይ ላይ የተጫወተችበት ሙዚቃዊ ትያትር 21 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ። የቀራፂው የኢሳሙ ኖጉቺ ሚስት ሆና ጥቂት ዓመታት ኖረች፤ እርሱም ከጃፓናዊ አባትና ከአሜሪካዊት እናት የተወለደ ነበርና ሁለቱ የተገናኙት በዚያው ግንብ ላይ ይመስለኛል። በ1958 ዲፕሎማቱን ሂሮሺ ኦታካን አግብታ ፊልም ተወች። በኋላ የቴሌቪዥን አዘጋጅ ሆና ቬትናምንና ፍልስጤምን ዞራ ዘገበች፤ ከ1974 ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት የላይኛው ምክር ቤት አባል ነበረች።

ከዚህ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለ1987 ነው። በዚያ ዓመት የሕይወት ታሪኳን ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ሆና አሳተመች፤ የመስኮቱን፣ የግንቡን፣ የጥፊውን፣ የጋዜጠኞቹን ነገር ሁሉ ራሷ አወጣችው። የጃፓን ጦር ለወታደሮቹ መደሰቻ ላደረጋቸው የእስያ ሴቶች በ1995 በተቋቋመው ድርጅትም ውስጥ በኃላፊነት ሠርታለች። አንዳንዱ ይኸንን ስሟን ለማጠብ ነው ይላል። ይሁን እንጂ ስንቱ ነው ማንም ሳያስገድደው ያጠበው? መስከረም 7 ቀን 2014 በ94 ዓመቷ ስታርፍ የሞቷ ዜና የተነገረው በሁለት ስም ነው፤ በቻይናውም በጃፓኑም።

ከእኩለ ሌሊት አልፏል። ነገ ያቺ ሴት በሁለት ተኩል ትመጣለች። የልደት ምስክር ወረቀቷን ትርጉም ጨርሼ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ የፓስፖርቱንም እንዲሁ። ሁለቱን ስሞች በየቦታቸው እንዳሉ ጻፍኳቸው። ማኅተም ግን አልመታሁም፤ ቀድማ ራሷ ታንብባቸው።