ቤዝመንቱን ወርክሾፕ ማድረግ

ዛሬ ሙሉ ቀን ቤዝመንት ውስጥ ነው የዋልኩት። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለእንጨት ሥራ የምትሆን ጥግ ሳበጃጅ።

ፈተናው ከደረጃው ይጀምራል። ሙሉ ኮምፔንሳቶ 4 በ8 ጫማ ነው፤ በኛ ደረጃ መታጠፊያ ንቅንቅ አይልም። እዚያው ሱቁ ውስጥ አስቆርጬ አመጣሁት። እርጥበቱም ሌላ ጣጣ ነው። የሜሪላንድ ሰመር ብረት ያዝጋል፣ ጣውላ ያጣምማል። እርጥበት የሚመጥ ማሽን ግድ ነው።

ከሁሉም ያሳሰበኝ ግን ብናኙ ነው። የውሃ ማሞቂያችን የጋዝ ነው፤ ውስጡ እሳት አለ። ሰጋቱራው መሬት ላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ደቃቁ አየር ላይ ከበዛ ግን እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል፤ ለሳንባም ጠንቅ ነው። ስለዚህ መጋዙን ከማሞቂያው አርቄ ወዲያኛው ጥግ ተከልኩት፤ የአቧራ መምጠጫም ገጠምኩለት። መጋዙና መምጠጫው አንድ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲበዛበት የሚያቋርጥ ማብሪያ) ላይ ከሆኑ ደግሞ ባለ 15 አምፔሩ ቶሎ ይዘልላል፤ ለየብቻ ሰካኋቸው።

ባለቤቴ ወርዳ ዙሪያውን ቃኘችና «የዕቃ ማስቀመጫዬን ወስደህ አንድ በርጩማ እንኳ ካልወጣው ጉድህ ይፈላል!» ብላኝ ወጣች። (እውነቷን ነው።)

ያገለገለ ሞርሳ የሚሸጥ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።