የተንጋደደው ቤት

ዛሬ ከቦስተን ወጣ ብላ ባለችው ዴድሃም የፌርባንክስን ቤት አየሁት። ጆናታን ፌርባንክስ የሚባል ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ለቤተሰቡ ያሠራው ነው። በሰሜን አሜሪካ እስካሁን ከቆሙት ባለ እንጨት ማዕቀፍ ቤቶች አንጋፋው እሱ ነው ይባላል። ዕድሜውን ያወቁት ከእንጨቱ ነው። የወራጁን የእድገት ቀለበት መርምረው፣ ዛፉ ከ1637 እስከ 1641 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ እንደተቆረጠ ደረሱበት።

መሃል ላይ ትልቅ የጡብ ጭስ ማውጫ አለ። ግራና ቀኝ ያሉትን ክፍሎች የሚያሞቀው እሱ ነበር። ጣሪያው ሰርጓል፣ ግድግዳው ተንጋዷል። ቀጥ አድርገው ቢያድሱት ኖሮ እንዲህ አልወደውም ነበር!

ስምንት ትውልድ ኖሮበታል፤ ቤቱንም ከጎን ከጎን እየቀጠሉ አስፍተውታል። አሁን ሙዚየም ነው፤ ባለቤቱ ግን ዛሬም የቤተሰቡ ማኅበር ነው። ቦስተን ያላችሁ፣ ጎራ በሉ።