ርዕሱን ሳላይ እሺ ያልኩበት ቃለ መጠይቅ

ጋዜጠኛዋ በጉዲፈቻ ልጅ ያሳደገች እናት ፈልጋ ነው የደወለችልኝ። የ11 ዓመት ልጄን አማከርኳት፤ «ስሜ ካልወጣ እሺ» አለች። ስሟም ፎቶዋም እንዳይወጣ ተስማማን። ሁለት ሰዓት አወራን። ከመታተሙ በፊት እኔ ያልኩትን ልካልኝ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው አልኩ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

በማግስቱ ስልኬን ስከፍት ርዕሱ እንዲህ ይላል፦ «የራሷ ልጅ ባይኖራትም እናት የሆነችው ሴት»።

ልጄ አጠገቤ ነበረች። አየችው፣ ምንም አላለችም። ማታ ልትተኛ ስትል ነው «እማ፣ የራሷ ማለት ምንድን ነው?» ያለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ባልጽፈው ይሻላል፤ ዘባረቅኩ።

ወረድ ብሎ ደግሞ የወለደቻትን ሴት «እውነተኛ እናቷ» ይላታል። እኔ እንግዲህ የውሸቷ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌሊት ተነስቼ የውሸት ትኩሳት ስለካ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ጋዜጠኛዋ ጋ ደወልኩ። «ርዕሱን እኮ እኔ አይደለሁም የማወጣው» አለችኝ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር! በብዙ ዝግጅት ክፍል ርዕስ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው፤ እናንተን አግኝቶ አያውቅም። አዘጋጁ ደግሞ «አንባቢ የሚገባው በዚህ አባባል ነው። ደግሞ እኮ እያመሰገንንዎት ነው» አለኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። የእናትነትን ትርጉም ሁሉ ዘረዘርኩ። መልስ የለም። በአራተኛው ቀን አጭር አድርጌ ላኩት፦ «የራሷ ልጅ ባይኖራትም» ይውጣ፤ «እውነተኛ እናቷ» በ«የወለደቻት እናት» ይተካ። የአሜሪካው የዜና ወኪል አሶሼትድ ፕሬስ ለጋዜጠኞቹ ባወጣው መመሪያ ጉዲፈቻ የሚጠቀሰው ለታሪኩ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ እንደሆነ ጨመርኩ። የአሜሪካዊቷን የጂምናስቲክ ስፖርተኛ የሲሞን ባይልስንም ጉዳይ አነሳሁ። ሮንና ኔሊ በጉዲፈቻ ያሳደጓት ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የሪዮ ኦሎምፒክ ላይ አንድ የቴሌቪዥን ተንታኝ ወላጆቿ አይደሉም ብሎ ጻፈ፤ ቁጣ ሲነሳበት አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። እሷ ስትጠየቅ ወላጆቼ ወላጆቼ ናቸው፣ በቃ አለች። አዘጋጁ በዚያው ቀን ከሰዓት ድረ ገጹ ላይ ያለውን አስተካከለው። የታተመው ግን ታትሟል። ሰው ቀድሞ ያጋራው ሊንክ ላይም የድሮው ርዕስ እንዳለ ቀረ።

ስለዚህ እሺ ከማለታችሁ በፊት ርዕሱንና የፎቶ መግለጫውን አሳዩኝ በሉ፤ በጽሑፍ። እምቢ ካሉ ተዉት። የጉዲፈቻ ባለሙያዎች «ታሪካችሁን ተናገሩ፣ ኅብረተሰቡ ይማር» ይሉናል። እኔ አልስማማም። ታሪኩ በአብዛኛው የልጅቷ ነው፤ ኅብረተሰቡ በሌላ ይማር። «የጉዲፈቻ እናት» በሉ የሚለውም ምክር አይዋጥልኝም። ወሬው ስለ ጉዲፈቻ ካልሆነ «እናት» ይበቃል። «እንጀራ እናት» የሚሉንማ ከነጭራሹ ተሳስተዋል፤ እሷ የአባት ሚስት ናት። «ጻድቅ» ሲሉኝም ደስ አይለኝም። እኔ ጻድቅ ከሆንኩ ልጄ ባለዕዳ ልትሆን ነው።

አንድ ነገር ግን ማስቀየር አልቻልኩም። በአራተኛው አንቀጽ ላይ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ፣ «እናቷ ጥላት ሄደች» ይላል። የወለደቻት ሴት ለምን እንደተለየቻት አውቃለሁ፤ መጣል አልነበረም። ይህንንም አውጡልኝ ብዬ ደወልኩ። አዘጋጁ ዝም አለና «ይሄ እኮ የእርስዎ ቃል ነው፤ አንብበውም ተስማምተዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። አሁንም እዚያው አለ።