ክራሬን ከጓዳ ሳወጣው

በ2014 ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደ ደሴ ተመለስን። በጦርነቱ ምክንያት ከወር በላይ ከቤታችን ርቀን ነበር። በሩ ተገንጥሎ ጠበቀን። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ ምጣዱ እንኳ የለም። የምተዳደርባት የስፌት መኪናም የለችም። ባለቤቴ ከክፍል ክፍል እየዞረ የጎደለውን ይቆጥራል። እኔ ጓዳ ገባሁ። ከባዶው ጎታ ኋላ፣ በአሮጌ ነጠላ እንደተጠቀለለ፣ ክራሬ ቁጭ ብሏል። ማንም አልነካውም።

ፈታሁት። ቆዳው ተሰንጥቋል። ከስድስቱ ክር የቀረው ሁለት ነው። አንዱን በጣቴ ነካ አደረግኩት። የላላ ክር ምን ድምፅ አለው? ግን እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለቴሌቪዥኑም ለመኪናዬም ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ።

46 ዓመቴ ነበር። ክራር ከነካሁ 27 ዓመት ሆኖኛል።

ክራር የጀመርኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ሁለት ክራርና አንድ ከበሮ ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። ይሄኛውን ክራር አጎቴ ነው የገዛልኝ። እኛ ቤት አስናቀች ወርቁ በሬዲዮ ስትመጣ አባቴ ራሱ ተነስቶ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። አስናቀች በኢትዮጵያ የቲያትር መድረክ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ነበረች። ክራሯን ታቅፋ ስትዘፍን አገር ሁሉ ጆሮውን ይሰጣት ነበር። የራሱ ልጅ ክራር ስታነሳ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። «የጨዋ ልጅ አዝማሪ አትሆንም» ተባልኩ። እናቴ ምንም አላለችም።

በ1987 አገባሁ። ክራሩን ከጥሎሼ ጋር ይዤው ገባሁ፤ ግን አላወጣሁትም። ልጅ መጣ፣ ሁለተኛ ልጅ መጣ፣ ሥራ መጣ። ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ባለቤቴ አንድም ቀን አልከለከለኝም። የአባቴ ቃል ቢሠራ ለጥቂት ዓመት ነው። የቀረውን ሃያ ምናምን ዓመት ጓዳ ያስቀመጥኩት ራሴ ነኝ። «ልጆቹ ትንሽ ከፍ ይበሉ» እል ነበር። ልጆቹ ከፍ አሉ፣ እኔ ግን ማለቱን አልተውኩም።

ወዲያው አልጀመርኩም። መጀመሪያ በር፣ ከዚያ ፍራሽ፣ ከዚያ የስፌት መኪና። ክራሩን ወደ ጠጋኝ የወሰድኩት በ2015 ነው። አዛውንት ናቸው፤ ክራርና ማሲንቆ ሲሠሩ ኖረዋል። ቀንበሩንና ሁለቱን ቋሚዎች በጣታቸው አንኳኩ። «ልጄ፣ እንጨቱ ደህና ነው። ቆዳና ክር እንደሆነ ይለወጣል» አሉኝ። ውሃ ጠጥቶ የለሰለሰ የፍየል ቆዳ ገበታው ላይ ወጠሩ። በጠፍር ሰፉት። ለቀናት አደረቁት። ድሮ ክሩ የከብት ጅማት ነበር፤ አሁን ናይለን ነው የሚታሰረው። ስድስቱንም አዲስ አሰሩልኝ።

ያን ማታ ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስቤ ተቀመጥኩ። እጄ ያስታውሳል ብዬ ነበር። ጆሮዬ ሁሉንም ያስታውሳል፤ ዜማው ጭንቅላቴ ውስጥ ቁልጭ ብሎ አለ። ጣቶቼ ግን ጭራሽ አላወቁትም። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚባለውን ሌሎች ላይ ስጠቀምበት ኖሬ፣ የራሴን ክራር ይዤ ተረዳሁት። ተናድጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታገልኩ። በማግስቱ የቀኝ እጄ አንጓ አብጦ መቀስ መያዝ አቃተኝ። ለደንበኛ ቃል የገባሁት ቀሚስ አደረ። ክራሩን ለሳምንት አልነካሁትም። እውነቱን ለመናገር፣ ተመልሶ ጓዳ ሊገባ ጥቂት ነበር የቀረው።

ያዳነኝ አንድ ወጣት ነው። የልጄ ጓደኛ ነው፤ ሰርግ ላይ ክራር ይጫወታል። ልጄ ሳይነግረኝ ይዞት መጣ። በልጄ እኩያ መማር መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። እሱም አፍሮ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ተጫወትኩለት፤ ዘፈንኩም። መሀል ላይ ድምፄ ተሰበረ። ትንሽ አሰበና «እትዬ፣ ድምፅዎ ወርዷል። ክራሩም ይውረድ እንጂ» አለኝ።

እስከዚያች ቀን ክራሬን የቃኘሁት በ18 ዓመቴ በምዘፍንበት ከፍታ ነበር። ጆሮዬ የያዘው ያንን ነዋ። ክራር ግን እንደ ፒያኖ ድምፁ ተቸንክሮ የተቀመጠ መሣሪያ አይደለም። መቃኛውን አላልቶ ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው የሚቃኘው። ስድስቱንም ዝቅ አደረገልኝ። እንደገና ዘፈንኩ። ድምፄ ሳይጨነቅ ወጣ። ወፍራም ሆኗል፣ ትንሽ ሸካራ ሆኗል፤ ግን የራሴ ነው። በ18 ዓመቴ ያልነበረኝ ድምፅ ነው። ወደ ልጅነቴ ልመለስ ብዬ የጀመርኩት ነገር መንገዱን የቀየረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የድሮዋን ልጅ አልፈለግኳትም።

የተማርኩት ሁለተኛው ትልቅ ነገር ቅኝት ነው፤ ዜማው የሚወጣበት የአምስት ድምፆች አደራደር ማለት ነው። የአራቱን ቅኝቶች ስም ወሎ ውስጥ ማን ያጣዋል? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ለኔ። ባቲ ከእኛ በታች ያለች፣ ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት። አምባሰል ከሐይቅ ወዲያ ያለው ተራራ ነው። ማሪቱ ለገሠ በአምባሰል ስታዜም የማይነካው ወሎዬ አላውቅም። በልጅነቴ ግን ለእኔ ስሞች ብቻ ነበሩ። ክበባችን ውስጥ ቃኝቶ የሚሰጠን ሌላ ልጅ ነበር። እኔ የተቃኘ ክራር መምታት ነው የማውቀው። አስተማሪዬ ይህን ሲረዳ ለሁለት ወር ዜማ ከለከለኝ። መቃኘት ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክራር ስድስት ክር አለው። አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ከላይ ይደግመዋል። ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ ስንቆጥር ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ሲወርዱ ግማሽ ትዝታ ይሆናል። የተነካው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ የቤቱ አየር ግን ይለወጣል። ከግማሽ ትዝታ ላይ ሁለተኛው በግማሽ ወርዶ ሦስተኛው በአንድ ሙሉ ድምፅ ሲወጣ አምባሰል ይመጣል። ከአምባሰል ደግሞ አራተኛው በግማሽ ወርዶ አምስተኛው በግማሽ ሲወጣ አንቺ ሆዬ ለኔ ነው። ወደ ሙሉ ትዝታ ተመልሰን ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ከፍ ብናደርግ አንዱን የባቲ ዓይነት እናገኛለን።

ይህን ስረዳ በ47 ዓመቴ እንደ ሕፃን ነው የተደሰትኩት። ስሰማው የኖርኩት ነገር እንዴት እንደተሠራ ያየሁት ያኔ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይሆናል፤ የተገለበጠ ኮት ስፌቱን እንደማየት ነው። ስልኬ ላይ የመቃኛ አፕ ጫንኩ፤ ለጀማሪ ይረዳል። አስተማሪዬ ግን መጀመሪያ በጆሮዬ ቃኝቼ ከዚያ በስልኩ እንዳረጋግጥ አዘዘኝ። ልክ ነበር። ስልኩን ብቻ ሳይ ጆሮዬ ይሰንፍ ነበር።

አጨዋወትም ቀይሬያለሁ። ክበብ ውስጥ የለመድኩት ግርፍ ነው። በግርፍ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ባንዴ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ይዘው ዝም ያሰኟቸዋል። አንጓዬን ያሳበጠው እሱ ነው። አሁን አብዛኛውን ጊዜ ድርድር ነው የምጫወተው። ጣቶች እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ይነካሉ። ለእጄ ይቀላል። ድምፁም ዝግ ያለ ስለሆነ ጎረቤት አይረብሽም።

ጊዜ ከየት ታመጫለሽ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጊዜ አላመጣሁም። ክራሩን ከጓዳ አውጥቼ ሱቄ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን፣ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ነገሩ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ጓዳ እያለ ለማውጣት ማሰብ፣ መፍታት፣ አቧራ መጥረግ አለ። አሁን እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ጧት ሱቅ ከፍቼ ደንበኛ እስኪመጣ 15 ደቂቃ። አንዳንድ ቀን አምስት። ሲያመኝ አቆማለሁ፤ ይህን በግድ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ እጄን የሻይ ብርጭቆ ላይ አሞቃለሁ። የደሴን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ብርዱ ክራሩንም ይነካዋል። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ቆዳው እርጥበት ይስባል፤ ይረግባል። ክሮቹ የሚያርፉበት ብርኩማ አብሮ ዝቅ ይላል፤ ድምፁም ይወርዳል። ማታ አስተካክዬ የሰቀልኩት ጧት ተበላሽቶ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ጥፋቱ የኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ፀሐይ ስትወጣ በሩ ላይ ትንሽ አሞቀውና እንደገና እቃኛለሁ። ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ይዤው ስወርድ ደግሞ በሙቀቱ ቆዳው ይወጠራል፤ ድምፁ ይወጣል። ስለዚህ የትም ስሄድ ለመቃኘት የሚሆን ጊዜ አስቀድሜ እይዛለሁ።

የባለቤቴ ጓደኛም በ51 ዓመቱ ወደ ኳስ ተመልሶ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ጨዋታ ልጫወት ብሎ ጉልበቱን ተጎዳ፤ ለሁለት ወር አነከሰ። ሳየው የኔው ስህተት ነው። ሁለታችንም ካቆምንበት ቦታ ልንቀጥል ነው የሞከርነው። አሁን ጧት ጧት በእግሩ ዳገት ይወጣል፤ እሁድ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይጫወታል። እሱ ኳሱን አልተወውም፣ እኔም ክራሩን አልተውኩትም።

ሰፈር ውስጥ ወሬ አልጠፋም። «ምን ነካት፣ ልጅ የምትድርበት ጊዜ ላይ» ያለች አለች። ለአንድ ሰሞን ከፍቶኝ ነበር። ያቺው ሴት ባለፈው ዓመት ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ፣ ቀሚሱ ካለቀ በኋላ ቁጭ ብላ ትሰማኝ ነበር። ወጣት ሳለች ስፌት ትሰፋ እንደነበር፣ የእሷ ሞሰብ ሰፈሩን ያስቀና እንደነበር አወራችኝ። አለላውን አሁንም ገበያ ላይ እንደምታገኘው ነገርኳት።

ከሁሉም የማልረሳው ግን እናቴን ነው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እሷ 70 አልፋለች። አንድ እሁድ ቡና አፍልቼ ጠራኋት። ቶናው ተቀድቶ በረካው ሲደርስ «እስቲ ያንን ነገር አምጪው» አለችኝ። አምባሰል ቃኝቼ በድርድር ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። በዝግታ ማንጎራጎር ጀመረች። በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። ልጅ ሳለች፣ እኔ ሳልወለድ፣ ወፍጮ ላይ ስትፈጭ የምታንጎራጉረው ነው። ወፍጮ ቤት ሲመጣ መፍጨቱ ቀረ፤ ዜማውም አብሮ ቀረ። ክራሩን ላለማቆም ከንፈሬን ነክሼ ቀጠልኩ። መጨረሻ ላይ ከራሷ አውጥታ እንዲህ አለች፦

ወፍጮው መጁን አጥቶ ቆሞ ቢቀር እንኳ፣
ከጉሮሮ ጓዳ ዜማው አለ ለካ።

ያኔ አባቴ ሲቆጣኝ ለምን ዝም እንዳለች አልጠየቅኳትም። አሁን እሁድ እሁድ ትመጣለች። የምታስታውሰውን አንድ አንድ ስንኝ ትነግረኛለች፤ ልጄ በስልኩ ይቀዳል፤ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ዜማ ከየትኛው ቅኝት እንደሆነ ለማወቅ እኔና አስተማሪዬ ሰዓታት እንጨቃጨቃለን።

የሚከብደኝ አንቺ ሆዬ ለኔ ነው። ትዝታና አምባሰል እጄ ገብተዋል፤ ባቲም እየመጣ ነው። አንቺ ሆዬ ግን ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በጣም ይቀራረባሉ፤ ትንሽ ከሳትኩ ወደ አምባሰል ይመልሰኛል። የእህቴ ልጅ ለጥር ትዳራለች። አስተማሪዬ አብሬው እንድጫወት ጠይቆኛል፤ እሺ ብያለሁ። አምስተኛው ክር ገና ይንሸራተትብኛል። ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ አጠበቅኩት። ነገ ጧት ጉሙ ሲነሳ እንደገና እሞክረዋለሁ።